«ቡናዎን ይጠጡ» የሚለው ቁልፍ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ውሃን ከጉድጓድ በገመድ፣ ከምንጭ በማሰሮ፣ ከግድብ በቧንቧ ሲያመጣ የኖረው ወዶ አይደለም፤ ሰንጠረዥ ስላልነበረው ነው። ይህን የዘመናት ጉድለት የሞላው ማን እንደሆነ ወደፊት የሚመራመሩ ሊቃውንት ብዙ እንዳይደክሙ አስቀድሜ ልንገራቸው፤ የእኛ ከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሦስተኛው በር። እኔ በዚያ ቤት የመዝገብ ክፍል ጸሐፊ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። የምናገረው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትንም ቢሆን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይቻለሁ።

ከተማችን ኮረብታ ላይ የተሠራች ናት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰፈር በሳምንት አንድ ቀን። በዚያ ቀን የጣራ ታንከሩን የሞላ ሞላ፤ ያልሞላ ሳምንቱን ሙሉ የጎረቤት ፊት ያያል። ፈረቃውን ለሠላሳ አንድ ዓመት ያዞረው አቡ ሐርብ የሚባል ሰው ነበር። አቡ ሐርብ ዲፕሎማ የለውም። ያለው እስከ ደረቱ የሚደርስ የብረት መፍቻ ነው። በየመንገዱ ያለውን የጉድጓድ ክዳን አንሥቶ በዚያ መፍቻ የቧንቧውን መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን፣ ይዘጋል፤ ይከፍታል። ውሃ ወደ ላይኛው ሰፈር እንዲወጣ መጀመሪያ የገበያው መስመር መዘጋት አለበት፤ ከዚያ የላይኛው ሰፈር ሳራቺኔስካ ሃያ ሦስት ዙር ተኩል ይዞራል፤ ሃያ አራተኛው ላይ አሮጌው ቧንቧ ይፈነዳል። ይህ ሁሉ የት ተጽፏል ቢባል የትም አልተጻፈም። ያለው ሰውየው እጅ ላይ ነው። ለአንድ ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ከዚህ የበለጠ ውርደት አላውቅም።

ደግነቱ ሥራ አስኪያጃችን ክቡር ኢንጂነር ሙፍሊሕ በሙት ባሕር ዳርቻ ባለ ሆቴል የሦስት ቀን ሥልጠና ተካፍለው ተመለሱ። እዚያ አንድ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ አይተዋል። ሰንጠረዡ ላይ በማውስ የምትገፋ ማንሸራተቻ ነበረች፤ ወደ ቀኝ ስትሄድ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ስትመለስ ይቀንሳል። ክቡርነታቸው በሥልጠናው ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ እንኳን እሷን ሲገፉ እንደነበር አብረዋቸው የሄዱ መስክረዋል። በተመለሱ ማግስት የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ ሐቴምን አስጠሩት።

«የፈረቃው ሰንጠረዥ አለን አይደል?»

«አለን፣ ክቡርነትዎ።»

«ምን ይሠራል?»

«ተቀምጧል።»

«በእኔ ዘመን ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰንጠረዥ አልፈልግም። ይንቀሳቀስ!»

ሐቴም ትጉህ ሰው ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰፈር ከዜሮ እስከ መቶ የምትሄድ ማንሸራተቻ ገጠመ። ከጎኗ «ክፍት» የሚል፣ ጠቅ ሲያደርጉት የራይት ምልክት የሚያወጣ ሳጥን አኖረ። ከሳጥኑ ቀጥሎ ሲነኩት ወደ ታች የሚዘረጋ የምርጫ ዝርዝር አለ፤ ነዋሪ አቤቱታ ሲያቀርብ መልሱ ከዚያ ይመረጣል። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ «ውሃ አለ»፣ «ውሃ በመምጣት ላይ ነው»፣ «ነዋሪው አላስተዋለም»። አራተኛ ምርጫ እንዲጨመር ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሕዝብን ያሳስታል ተብሎ ቀረ።

እኔ ሞኝ ነኝና ጠየቅሁት።

«ሐቴም፣ ይቺ ማንሸራተቻ ከምን ጋር ነው የተያያዘችው?»

«ከሳጥን ቁጥር ሰባት ጋር።»

«ሳጥን ቁጥር ሰባትስ?»

«ከቀለሙ ጋር። ሰባ ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል።»

«ቀለሙስ?»

ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከክቡርነታቸው ፊት ጋር» አለኝ። «አረንጓዴ ሲሆን ይፈካል።»

«ከቧንቧው ጋርስ?»

«ኡስታዝ፣ እኔ የታዘዝኩት ሰንጠረዡ ይንቀሳቀስ ተብዬ ነው። ውሃው ይንቀሳቀስ ያለኝ የለም።»

የሰንጠረዡ ምረቃ ማክሰኞ ቀን ሆነ። ክቡርነታቸው ረጅም ንግግር አደረጉ። «ከእንግዲህ ውሃ የሚወርደው ከተራራ ሳይሆን ከመረጃ ነው!» ሲሉ ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ከሁሉ በኋላ ያወረድኩትም እኔ ነኝ። ከዚያም አቡ ሐርብ ወደ መድረክ ተጠርቶ መፍቻውን አስረከበ። መፍቻው በመግቢያው አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኛ፤ ከሥሩም «አባቶቻችን በጨለማው ዘመን ይጠቀሙበት የነበረ መሣሪያ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። አባታችን አቡ ሐርብ ደግሞ እኔ ክፍል ተመደበ፤ ማኅተም መቺ ሆኖ። ከፊቴ ይቀመጣል፤ ሁለት ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ የሰው ዕቃ አደራ እንደተቀበለ ሰው ያያቸዋል።

ማክሰኞ የታችኛው ሰፈርና የገበያው ፈረቃ ነው። መፍቻው በዚያ ቀን ስለተነጠቀ ሳራቺኔስካዎቹ በዚያው እንዳሉ ቀሩ። ታችኛው ሰፈር ቀን በቀን ውሃ አገኘ፤ ታንከሩ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ይፈስ ጀመር። ክቡርነታቸው የሚኖሩት በአጋጣሚ ታችኛው ሰፈር ነው። «እንዲህ ያለ ውሃ በዕድሜዬ አላየሁም» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ላይኛው ሰፈር ግን ቧንቧ ሲከፈት የሚመጣው ንፋስ ብቻ ሆነ። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሰው አቤቱታ አይጽፍም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፤ ቡና ይቀዳላቸዋል። ትልቁ ሽማግሌ ፍንጃሉን ተቀብሎ ሳይቀምስ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። የቤቱ ጌታ «ቡናዎን ይጠጡ፤ የመጡበት ተፈጽሟል» እስኪል ድረስ አይነካውም። እንግዳው ሳይጠጣ ፍንጃሉ የቀዘቀዘበት ሰው በከተማው ክብር የለውም። አንዴ ከተጠጣ ግን ነገሩ አለቀ፤ በጠጡበት ጉዳይ ተመልሶ መምጣት ነውር ነው። ድሮ ሥራ አስኪያጁ ይህን ቃል ካለ በኋላ አቡ ሐርብን ይጠራው ነበር።

ክቡርነታቸው ይህን ልማድ ወደ ሰንጠረዡ አስገቡት። በሐቴም እጅ አንድ ቁልፍ ተጨመረ፤ ክብ፣ ቀይ፣ የሎሚ ያህል። ሽማግሌዎች ሲመጡ ስክሪኑ ወደ እነሱ ይዞርና ትልቁ ሰው በገዛ ጣቱ ይጫነዋል። ያን ጊዜ ሰፈሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ በወፍራም ፊደልም «ቡናዎን ይጠጡ! የመጡበት ጉዳይ ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የላይኛው ሰፈሩ ሼክ ሰጣም ተጫኑት፤ «ማሻአላህ!» ብለው ጠጡ፤ ሄዱ። ቧንቧቸውን ከፈቱ፤ ንፋስ። ተመልሰው እንዳይመጡ ጠጥተዋል። የመስጊዱ ሰው መጡ፤ ተጫኑ፤ ጠጡ። ጡረተኛው ዳኛ መጡ፤ እሳቸው ሁለቴ ተጭነው ሁለት ፍንጃል ጠጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በላይኛው ሰፈር አፍ ያለው ሁሉ ጠጥቶ ዝም አለ። የሰንጠረዡ የአቤቱታ ዓምድ ዜሮ ሆነ፤ ክቡርነታቸውም አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

አንድ ጠዋት ኡሙ ጃሲር የእኔ መስኮት ላይ መጣች። የላይኛው ሰፈር ሴት ናት፤ ምላሷን ከተማው ያውቀዋል። ባሏ አቡ ጃሲር ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ከወደቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አልጋ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ውሃ ከመጣ አሥራ አምስት ቀን ሆነ» አለችኝ። «እኔስ ልቻለው። ሽማግሌዬን አላጠብኩትም። ጎረቤት በሚሰጠኝ ጠርሙስ ጨርቅ እያራስኩ ፊቱን እጠርግለታለሁ። ለሶላቱ በውሃ ፈንታ አፈር ነው የሚነካው።»

ለሐቴም ነገርኩት። እሱም ስክሪኑን ይዞ መጣ።

«ሐጃ፣ እዩት። ሰፈርዎ አረንጓዴ ነው። ዘጠና አንድ በመቶ።»

ኡሙ ጃሲር መነጽሯን አውጥታ አደረገች፤ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዘንቢሏም አንድ ጣሳ አወጣች።

«ካለማ ከዚህ ላይ አንድ ጣሳ ቅዳልኝ።»

ሐቴም ወደ ዝርዝሩ ሄዶ «ነዋሪው አላስተዋለም» የሚለውን መረጠ። ከዚያ በትሕትና፣ «ደንቡ ሽማግሌ መላክ ነው፣ ሐጃ» አላት።

«ማንን ልላክ? ወንዶቹን ሁሉ አጠጣችኋቸው!» አለችና ጣሳዋን መልሳ ከተተች። አቡ ሐርብ ከጠረጴዛው ጀርባ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። እኔ መዝገቤን ገለጥኩ። ጸሐፊ ምን ያደርጋል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለውን እኛ በቀለም አትመን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ በዚህ ላይ ምን ይጻፋል?

ከሳምንት በኋላ የሰንጠረዡን ዝና የሰሙ ልዑካን ከዋና ከተማው ከአማን መጡ፤ ሦስት ሰዎችና ሾፌራቸው። መሪያቸው የገጠር ቤተሰብ ልጅ የሆኑ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ክቡርነታቸው አዳራሹ ሙሉ እንዲመስል የመዝገብ ክፍሉን በሙሉ አምጥተው ከኋላ አስቀመጡን። ማንሸራተቻዎቹ በፕሮጀክተር በግድግዳው ሙሉ ሲንሸራተቱ ታዩ። ቡና ሲቀዳ በሩ ተከፈተና ኡሙ ጃሲር አምስት ሴቶች አስከትላ ገባች።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው።»

ክቡርነታቸው ለአፍታ ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ ግን ፊታቸው ፈካ። የቀጥታ ማሳያ በእግሩ መጣላቸው። «የነዋሪ ተወካዮች ናቸው» ብለው ለልዑካኑ አስተዋወቁ፤ ለሴቶቹም ቡና አስቀዱ። ኡሙ ጃሲር ፍንጃሉን በቀኝ እጇ ተቀበለች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አምስቱም አስቀመጡ።

«ሐጃ፣ ቁልፉ ይኸው» አሉ ክቡርነታቸው። «በእጅዎ ይጫኑት።»

«ስንቱ ተጫነው፤ ይብቃው።»

«እንግዲያስ እኔ ልጫንልዎ።» ተጫኑት። ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። «ይኸው! ቡናዎን ይጠጡ፤ የመጡበት ተፈጽሟል።»

«የመጣሁበትን ጠየቅኸኝ እንዴ?»

«ውሃ አይደል፣ ሐጃ? ሰንጠረዡ...»

«ሽማግሌዬን ካጠብኩት ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኔ ነው» አለች፤ ድምፅዋን አላነሣችም። «የዚህን ከተማ ግማሽ ግድግዳ ጠርቦ ያቆመ ሰው ነው። ይሄ አንተ የተደገፍከውም የእሱ ሳይሆን አይቀርም። በጀርባው ተኝቶ ‘ሸተትኩ እንዴ?’ ይለኛል። አልሸተትክም እለዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንኖር ዋሽቼው አላውቅም፤ አሁን በቀን ሦስቴ እዋሸዋለሁ። ይቺን ውሸት የምታጠፋልኝ ቁልፍ የቷ ናት? አሳየኝና ልጫናት።»

እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዝዤ ነበር፤ እጄ ግን አልጻፈም፤ አፈርኩ። የልዑካኑ መሪ ፍንጃላቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርሰው ነበር። መለሱትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ባልደረቦቻቸው አስቀመጡ። ሾፌሩ አንድ ጉንጭ ስቦ ነበረና አፉ ውስጥ ይዞት ቀረ፤ ቆይቶ በሐዘን ዋጠው። ክቡርነታቸው የራሳቸውን ብቻቸውን ሊጠጡ አልቻሉም። አሥራ አንድ ፍንጃል በመስመር ተቀምጦ መቀዝቀዝ ጀመረ።

«ሐቴም!» አሉ ክቡርነታቸው። «ክፈተው!»

«ክፍት ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«እስከ መጨረሻ ግፋው!»

«መቶ ላይ ነው።»

«መቶ ሃያ አድርገው!»

ሐቴም የማንሸራተቻዋን ወሰን ቀየረና መቶ ሃያ አደረሳት። አረንጓዴው ደመቀ። የኡሙ ጃሲር ፍንጃል ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ልጄ» አሉ የልዑካኑ መሪ፣ «ሳራቺኔስካው የት ነው ያለው?»

ክቡርነታቸው ሐቴምን አዩ። ሐቴም ስክሪኑን አየ። ስክሪኑ ምን ይበል? ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማን፤ አቡ ሐርብ ተነሥቶ እየወጣ ነበር። ሁላችንም ተከተልነው። የመስታወቱን ሣጥን ለመክፈት የንብረት ክፍሉ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ዕረፍት ላይ እንደሆነ፣ ውክልና የሰጠው ሰው መኖር አለመኖሩ መጣራት እንዳለበት ስንወያይ አቡ ሐርብ ክዳኑን በአንድ እጁ አነሣው።

«አልተቆለፈም እኮ» አለና መፍቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

ወደ አዳራሹ ተመልሰን አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ማንም አልጠጣም። በመጨረሻ የኡሙ ጃሲር ስልክ ጮኸ። የጎረቤቷ ልጅ ናት፤ ጩኸቷ እኔ ድረስ ይሰማል። «መጣ፣ ኻልቲ! መጣ! ታንከሩ ውስጥ እየወረደ ነው፣ ስሚው!» ከስልኩ ውስጥ ባዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ወጣ። አልዋሽም፤ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ኡሙ ጃሲር የቀዘቀዘውን ቡና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው፤ በቃኝ ለማለት ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጋ መለሰችና ተነሣች። ክቡርነታቸው «ሐጃ፣ ፎቶ አብረን...» ሲሏት፣ «የማጥበው ሰው አለኝ» ብላ ወጣች።

የልዑካኑ ሪፖርት በሁለት ሳምንት ደረሰን። መሪው ሊጽፉት ጀምረው ነበር አሉ፤ ጡረታቸው ቀድሞ ደረሰና የጨረሱት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «ማንሸራተቻው ወደ መቶ ሃያ ከፍ በተደረገ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ውሃ ላይኛው ሰፈር መድረሱ በዓይን ታይቷል። አሠራሩ በሌሎች አሥራ ሁለት ከተሞች እንዲስፋፋ።» ክቡር ኢንጂነር ሙፍሊሕ ወደ አማን ተሹመው ሄዱ፤ በቦታቸው ሐቴም ተተካ። አቡ ሐርብ ያለ ፈቃድ ለሦስት ሰዓት ከሥራ ገበታው በመለየቱና የቅርስ ንብረት በማንቀሳቀሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማኅተም መቺው እሱ ስለሆነ ራሱ መታበት፤ እንደ ሌላው ደብዳቤ ቀጥ አድርጎ፣ ሳያጣምም። መፍቻው ወደ መስታወቱ ሣጥን ተመለሰ፤ አሁን ተቆልፏል፤ የቁልፉ አንድ ቅጂ አማን ነው ያለው።

ሪፖርቱ አንድ ጉድለት ብቻ አግኝቷል፤ ቡናው። ፍንጃል ሳይጠጣ መቆየቱ የአሠራሩን ፍጥነት እንደሚያጓትት በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ከያዝነው ወር ጀምሮ በመሥሪያ ቤታችን ቡና አይቀዳም። በምትኩ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን ተጨምሯል፤ «ቡና ተጠጥቷል» ይላል። የራይት ምልክቱ ቀድሞ የተደረገ ነው፤ ማጥፋት አይቻልም።

የላይኛው ሰፈር ውሃ ሦስት ሳምንት ያህል ሄዶ እንደገና ቆመ፤ የገበያው ነጋዴዎች መስመራችን ተዘጋ ብለው ስለጮሁ ክቡር ሐቴም ሣጥኑ ከመቆለፉ በፊት ሠራተኛ ልከው ሳራቺኔስካዎቹን ሁሉ ወደዚያ የምረቃ ማክሰኞ ቦታቸው አስመልሰዋቸዋል። ትናንት ኡሙ ጃሲር መጣች። ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«በሉ ቅዱልኝ» አለች። «የማስቀምጠው ነገር አለኝ።»

ክቡር ሐቴም በአክብሮት ብድግ ብለው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩት።

«ሐጃ» አሏት፣ «እርስዎ እኮ ጠጥተዋል።»